ከጣና ደንገል እስከ ባርቤዶስ፦ ስለ ጀልባ እድሳት የቀረበ ምልልስ

ጥንታዊ የውድድር ጀልባን ማደስ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚመረምረው ጥያቄ የባሕር ወደብ ላላቸው አገሮች ብቻ የተተወ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከጣና ሐይቅ ዳር የታጨደ ደንገል በሁለት ተከታታይ ዓመታት አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወጥቶ ስለ ተፈተነ፣ ጉዳዩ ከባሕር ርቀው በደጋ የሚኖሩትንም ሰዎች ይመለከታል። የሚከተለው ምልልስ የተቀረጸው ይህን ጥያቄ ከሁለት ወገን ለማየት ነው። አንደኛው ተነጋጋሪ በመንዝ፣ በመሐል ሜዳ ከተማ፣ ታሪክ የሚያስተምር መምህር ሲሆን፣ ሁለተኛው የመርሐቤቴ ተወላጅ የሆነና የጉልምስና ዘመኑን በምጽዋ በባሕር ኃይል ያሳለፈ አረጋዊ መርከበኛ ነው። «ዓ.ም.» የተባለው በኢትዮጵያ፣ «እ.ኤ.አ.» የተባለው ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰላ ዘመን ነው።

መምህሩ፦ ጋሼ፣ ስለ እድሳት ከመነጋገር በፊት የሚታደሰው ነገር ቢታወቅ መልካም ነው። ትሪማራን የሚባለው ጀልባ ከሌላው የሸራ ጀልባ የሚለየው በምንድን ነው?

መርከበኛው፦ ትሪማራን ሦስት ቀፎ ያለው የሸራ ጀልባ ነው፤ ቀፎ የሚባለውም ውሃው ላይ ተቀምጦ ጀልባውን የሚያንሳፍፈው ዋናው አካል ነው። መካከለኛው ቀፎ ረጅምና ሰው የሚያድርበት ሲሆን፣ በቀኝና በግራ ያሉት ሁለት ቀጫጭን ተንሳፋፊዎች በአግዳሚ ክንዶች ከእሱ ጋር ይያያዛሉ። አንድ ቀፎ ብቻ ያለው ጀልባ ነፋስ ሸራውን ሲገፋው እንዳይገለበጥ ከሥሩ ብዙ እርሳስ ወይም ብረት ይሸከማል፤ ትሪማራን ግን የሚጸናው በክብደቱ ሳይሆን በስፋቱ ስለ ሆነ ያን ሁሉ ሸክም አይፈልግም፣ ሸክም ስለ ቀነሰለትም ይፈጥናል። ሐሳቡ የመጣው የፓሲፊክ ደሴቶች ሕዝቦች በጀልባቸው ጎን ተንሳፋፊ እንጨት እያሰሩ ሰፊ ባሕር ሲያቋርጡ ከኖሩበት ጥንታዊ ጥበብ ነው፤ «ትሪማራን» የሚለውን ስም ያወጣለት ግን ከዩክሬን ወደ አሜሪካ የተሰደደው ቪክቶር ቼቼት ነው። ጉድለቱም አብሮ መታወቅ አለበት። አንድ ጊዜ ከተገለበጠ በራሱ አይቃናም፤ ደግሞም ሦስቱ ቀፎዎች እያንዳንዳቸው በተለያየ ማዕበል ላይ ስለሚወጡና ስለሚወርዱ፣ ክንዶቹ ከቀፎው ጋር የሚገናኙበት መጋጠሚያ ያለ ዕረፍት ይጠመዘዛል። አሮጌ ትሪማራን የሚያድስ ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረምረው ያንን መጋጠሚያ ነው።

መምህሩ፦ በውድድር ታሪክ ስማቸው የገነነው የትኞቹ ናቸው?

መርከበኛው፦ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን የአንዱ ዕጣ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ትምህርት ይሰጣል። ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንን ኤሪክ ታባርሊ እ.ኤ.አ. በ1968 ፔን ዱዊክ 4ኛ የተባለውን ትሪማራን ከአሉሚኒየም አሠርቶ፣ መርከበኞች አንድ አንድ ሆነው ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ በሚሻገሩበት ውድድር ላይ ቢወጣም፣ ከጭነት መርከብ ጋር ስለ ተጋጨ ውድድሩን አቋረጠ። ጀልባዋን የገዛው አላን ኮላስ እ.ኤ.አ. በ1972 ያንኑ ውድድር በ20 ቀን ከ13 ሰዓት ፈጽሞ አሸነፈባት፤ ኋላም ማኑሬቫ የሚል አዲስ ስም አውጥቶላት ብቻውን ዓለምን ዞረባት። እ.ኤ.አ. በ1978 ከፈረንሳይዋ ሳን ማሎ ተነሥቶ በካሪብ ባሕር ወደምትገኘው ጓዴሉፕ የሚደርሰው «ሩት ዱ ረም» የተባለ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ኮላስና ማኑሬቫ በኅዳር ወር ከውቅያኖሱ መካከል ጠፉ፤ ሰውየውም ጀልባዋም እስከ ዛሬ አልተገኙም። በዚያው ውድድር ካናዳዊው ማይክ በርች ርዝመቱ 12 ሜትር በማይሞላ ትንሽ ትሪማራን ከ23 ቀን ጉዞ በኋላ፣ በርዝመት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረውን ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ በ98 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ገባ። ከዚያ ወዲህ በረጅሙ የውቅያኖስ ውድድር ብዙ ቀፎ ያላቸው ጀልባዎች የበላይነቱን እየያዙ መጡ።

መምህሩ፦ ማኑሬቫ ከጠፋች የምትታደስ ነገር አይደለችም። በሕይወት የተረፉት አሮጌ ትሪማራኖች ግን ሲታደሱ ምን ይደረግላቸዋል?

መርከበኛው፦ የውድድር ጀልባ የሚሠራው እንዲፈጥን እንጂ እንዲኖር ታስቦ አይደለም። ብዙዎቹ ከስስ ኮምፔንሳቶ፣ ወይም በሁለት የፋይበር ግላስ ሽፋኖች መካከል ቀላል ስፖንጅ መሰል ነገር እየተጨመረ የተሠሩ ናቸው፤ ከዘመን ብዛት ሽፋኑ ሲሰነጠቅ ውሃ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባና ያበሰብሰዋል፣ ሁለቱ ሽፋኖችም እርስ በርሳቸው ይላቀቃሉ። አዳሹ የተበላሸውን ቆርጦ ያወጣል፣ ቀሪውን ለረጅም ጊዜ ያደርቃል፣ በአዲስ ነገር ይተካል፣ በኢፖክሲ ሙጫ ያጣብቃል፤ ክንዶቹን አንዳንድ ጊዜ ጨርሶ ይለውጣል። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ከመጀመሪያው ቁስ የቀረው ጥቂት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ታባርሊ ራሱ ከትሪማራኑ አስቀድሞ ያደረገው ነገር ከዚህም ያልፋል። ቤተሰቡ የገዛው የመጀመሪያው ፔን ዱዊክ እ.ኤ.አ. በ1898 የተሠራ የእንጨት ጀልባ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንጨቱ በስብሶ ስለ ተገኘ፣ ታባርሊ የበሰበሰውን ቀፎ እንደ ቅርጽ ማውጫ ተጠቅሞ በላዩ አዲስ የፋይበር ግላስ ቀፎ ሠራ፣ አሮጌውንም ከውስጥ አውጥቶ ጣለው። ጀልባው በዚያው በጥንቱ ስም ዛሬም በሸራ ይጓዛል።

መምህሩ፦ ይህ እድሳት ይባላል? ከመጀመሪያው ጀልባ አንዲት ሳንቃ እንኳ በቀፎው ካልቀረች፣ የቀረው አዲስ ነገር ነው ሊባል አይገባም?

መርከበኛው፦ መልኩ ቀርቷል። ጀልባን ጀልባ የሚያደርገው ውሃን የሚከፍልበት ቅርጽ ነው፤ በአፍንጫው በኩል እንዴት እንደሚሾል፣ በሆዱ የት ላይ እንደሚሰፋ፣ በኋላው እንዴት እንደሚነሣ የወሰነው ሰው ዕውቀቱን ያኖረው በእንጨቱ ሳይሆን በቅርጹ ነው። ቅርጹ ከዳነ ጀልባው ድኗል።

መምህሩ፦ ይህ አሳብ ለእንጨት፣ ለብረትና ለፋይበር ግላስ ጀልባ የሚሠራ ይሆናል፤ በደንገል ለሚሠራ ታንኳ ግን በቂ አይደለም፤ የቅርጹን ልክ የሚጠብቀው እጅ ካልቀረ ቅርጹ ብቻውን እንደማያድን በአትላንቲክ ላይ ታይቷልና። የሚነሣው ምሳሌም ከጣና የወጣ ነው።

መርከበኛው፦ ስለ ራ ጀልባዎች ማለትህ ይሆናል፣ መምህር። ታሪኩን ከሥሩ ብታነሣው ይሻላል፤ መንዝና መርሐቤቴ ውሃቸውን በወንጪትና በጀማ አድርገው ወደ ዓባይ ይሰዳሉ እንጂ ጀማ ዓባይን የሚያገኘው ከጣና ብዙ ርቆ በታች ስለ ሆነ፣ በዚህ አገር ታንኳ አይቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

መምህሩ፦ መልካም። ታንኳ በጣና ሐይቅ ዳር ከሚበቅለው ከደንገል፣ ማለትም የጥንት ግብፃውያን መጻፊያ ወረቀት ይሠሩበት ከነበረው ከዚያው ተክል፣ የሚሠራ ጀልባ ነው። የደንገል ግንድ ከውጭ በስስ አረንጓዴ ልባስ የተሸፈነ ሲሆን ውስጡ አየር በያዙ ጥቃቅን ክፍሎች የተሞላ ስለ ሆነ ይንሳፈፋል። ሠሪው ግንዶቹን በነዶ በነዶ ያስራል፣ ነዶዎቹን እርስ በርስ ያጣምራል፣ ሁለቱን ጫፎች ወደ ላይ ያነሣል፤ ከውስጡም ጭነቱን ከውሃ ከፍ የሚያደርግ የደንገል ንጣፍ ይደርብበታል። በዚህ ጥበብ ከሁሉ ይልቅ የሚታወቁት በጣና ዳርቻ የሚኖሩት ነገደ ወይጦ ናቸው። የዘጌ ማገዶ ወደ ባሕር ዳር፣ የገዳማቱም ቀለብ ወደ ደሴቶቹ ለብዙ ዘመን ሲጓጓዝ የኖረው በታንኳ ነው። ሆኖም ታንኳ ውሃ ይጠጣል። ከጉዞ ሲመለስ ከሐይቁ ወጥቶ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ደርቆም ቢሆን ከጥቂት ወራት አገልግሎት በኋላ ይጣላል። ስለዚህ በጣና ላይ «የመቶ ዓመት ታንኳ» የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም፤ መቶና ሺህ ዓመት የኖረው አሠራሩ ነው።

መርከበኛው፦ የራ ጀልባዎችን ያሠራው ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳልስ ከዚህ ምን ፈለገ?

መምህሩ፦ ሄየርዳል ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1947 ኮን ቲኪ በተባለ ከግንዶች በታሰረ መንሳፈፊያ ከፔሩ ተነሥቶ ወደ ፓሲፊክ ደሴቶች የተሻገረ ሰው ነው። በግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ላይ የተሣሉትን የደንገል ጀልባዎች ከተመለከተ በኋላ፣ እንዲህ ያለ ጀልባ ከአፍሪካ ተነሥቶ አሜሪካ ሊደርስ ይችል እንደ ነበር በተግባር ለማሳየት ፈለገ። ደንገል በግብፅ ዓባይ ዳር እንደ ጥንቱ በብዛት ስለማይገኝ ከጣና ሐይቅ ወደ 12 ቶን ያህል አሳጨደ፤ ያም በጭነት መኪና ተራራውን ወርዶ ወደ ቀይ ባሕር፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ስዊዝ ተጓዘ። ሠሪዎቹ ግን የጣና ሰዎች አልነበሩም። ሄየርዳል በቻድ ሐይቅ የሚኖሩትን የቡዱማ ባለሙያዎች አስመጣና በጊዛ፣ በፒራሚዶቹ አጠገብ፣ በ1961 ዓ.ም. የፀደይ ወራት 15 ሜትር ርዝመት ያለውን ጀልባ አሠራ፤ በግብፃውያን የፀሐይ አምላክ ስምም ራ ተባለ። ራ ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ሲነሣ በላዩ የሰባት አገር ተወላጆች የሆኑ ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱም አንዱ ከሠሪዎቹ መካከል የነበረው የቻዱ አብዱላይ ጅብሪን ነው።

መርከበኛው፦ የጀልባውን መጨረሻ በሙያ ዐይን ማየት ይገባል። ራ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ በኋላ፣ ባርቤዶስ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ በሐምሌ ወር ተበታተነ። ደንገሉ ግን አልበሰበሰም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሰምጣል ያሉትን ሊቃውንት ትንቢት ሐሰት አድርጎ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ተንሳፍፏል። የተበላሸው አሠራሩ ነው። የቻድ ሐይቅ ባለሙያዎች የለመዱት ጀልባ አፍንጫው የተነሣ፣ ኋላው ግን ዝቅ ብሎ የተቆረጠ ነበር፤ ሄየርዳል ደግሞ በግብፅ ሥዕሎች እንደሚታየው ኋላውም ወደ ላይ እንዲጠመዘዝ ስለ ፈለገ፣ የኋላው ጫፍ ከዋናው አካል ጋር አብሮ ሳያድግ ተቀጥሎ የቆመ ያህል ሆነ። በሥዕሎቹ ላይ ከጠመዝማዛው የኋላ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ጀልባው ወለል የሚወርድ አንድ የተወጠረ ገመድ አለ። ራን የሠሩት ሰዎች ገመዱ የኋላውን ቅርጽ ለመያዝ ብቻ የገባ መስሏቸው ተዉት፤ በእርግጥ ግን እንደ ቀስት ጅማት ጫፉን ስቦ የሚያቆመው፣ ማዕበል ሲመጣም ኋላው እንዳይወድቅ የሚከለክለው እሱ ነበር። ገመዱ ስላልነበረ ኋላው ወደ ውሃ ወረደ፣ ማዕበሉ በዚያ በኩል ገባ፣ በነፋሱ አቅጣጫ ያሉት ማሰሪያዎችም እየተፋተጉ ተበጠሱ፣ ነዶዎቹ አንድ በአንድ ተለያዩ።

መምህሩ፦ እንግዲህ ቅርጹ ተቀድቶ ነበር፤ ቅርጹን የሚያቆመው ዕውቀት ግን አልተቀዳም። ሥዕል የሚያሳየው ገመድ መኖሩን እንጂ ገመዱ ለምን እንደ ታሰረ አይደለም። ጋሼ፣ ከዚህ በላይ ያሉት «ቅርጹ ከዳነ ጀልባው ድኗል» የሚለው ቃል በራ ላይ አልተፈረደበትም?

መርከበኛው፦ በከፊል ተፈርዶበታል። ግን ሁለተኛው ራ ሌላ ትምህርት ይሰጣል፤ እሱን ሳያዩ ፍርዱን መዝጋት አይገባም። ሄየርዳል በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው ከኢትዮጵያ በመጣ ደንገል ሁለተኛ ጀልባ ሲያሠራ፣ በዚህ ጊዜ የጠራቸው በቦሊቪያና በፔሩ ድንበር ባለው በቲቲካካ ሐይቅ የሚኖሩትን የአይማራ ሰዎች ነው። እነሱም ቶቶራ በሚባል ሸምበቆ ሁለት ጫፉ የተነሣ ጀልባ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። የእነሱ አሠራር ከቻዱ የሚለየው በእስሩ ነው። በቻድ አሠራር ነዶዎቹ በተለያዩ አጫጭር ማሰሪያዎች እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ አይማራዎቹ ግን በጀልባው ርዝመት ልክ ሁለት ወፋፍራም ጥቅሎች ይሠሩና በመካከላቸው ሦስተኛ ቀጭን ጥቅል ያኖራሉ። ከዚያም አንድ ያልተቆረጠ ረጅም ገመድ ከአፍንጫ እስከ ኋላ እየተጠማዘዘ ቀኙን ጥቅል ከመካከለኛው ጋር ያስራል፤ ሌላ እንዲሁ ያልተቆረጠ ገመድ ግራውን ከዚያው ከመካከለኛው ጋር ያስራል። ገመዶቹ በብዙ ጉልበት ሲወጠሩ ሁለቱ ትልልቆች ቀጭኑን መሐል አድርገው ይጨምቁታል፣ እሱም ከዐይን ይሰወራል፤ ጀልባውም ሚስማርና ሙጫ ሳይነካው እንደ አንድ ግንድ የጠጠረ ይሆናል።

መምህሩ፦ ሦስት ጥቅል መሆኑ ከሦስት ቀፎው ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

መርከበኛው፦ በአንድ ነገር ይገናኛል፣ በሌላው ይለያል፤ ልዩነቱም መደበቅ የለበትም። ትሪማራን ሦስቱን ክፍሎች አራርቆ ጽናትን ከስፋት ያገኛል፤ የአይማራው ጀልባ ግን አቀራርቦ ያጠብቃቸዋል። የሚገናኙት ሁለቱም ያለ ከባድ ሸክም ሳይገለበጡ በመሄዳቸው፣ ሁለቱም ሕይወታቸው በመጋጠሚያው ላይ በመሆኑ ነው። በትሪማራን ክንዱ ከተላቀቀ፣ በደንገሉም ገመዱ ከላላ፣ የቀረው ክፍል ምንም ደኅና ቢሆን አያድንም። ራ ሁለተኛ 12 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው፣ ከመጀመሪያው ያጥር ነበር፤ ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሥቶ ከ57 ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ ባርቤዶስ ገባ። በመንገድ ላይ መርከበኞቹ በውቅያኖሱ ላይ የሚንሳፈፍ የረጋ ዘይት እያገኙ በየዕለቱ መዝግበው ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አቅርበዋል፤ ይህም ከጉዞው የተገኘ ሌላ ጠቃሚ ፍሬ ነው። ጀልባው ዛሬ በኦስሎ በኮን ቲኪ ሙዚየም ይታያል።

መምህሩ፦ ስለዚህ የጣና ደንገል በአንድ ዓመት የቻድን እጅ፣ በሌላው የቲቲካካን እጅ አግኝቶ ሁለት የተለያየ ዕጣ ገጥሞታል። ቁሱ አንድ፣ የተፈለገው ቅርጽም አንድ ዓይነት ነበር፤ የለየው የእጅ ዕውቀት ነው። በሁለቱም ጊዜ የጣና እጅ አለመጠራቱ ያሳዝናል፤ ሁለት ጫፉን አንሥቶ የሚሠራው የጣና ታንኳ ለግብፁ ሥዕል ከቻዱ ይልቅ የቀረበ ነውና። በእርግጥ ታንኳ ለሐይቅ የተሠራ ትንሽ ጀልባ ስለ ሆነ የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች ቢጠሩ ራ አይበተንም ነበር ማለት አይቻልም፤ የኋላ ጫፍ እንዴት እንደሚያዝ ግን የሚጠይቃቸው ሰው ቢኖር መልሳቸው ተጽፎ በቀረ ነበር።

መርከበኛው፦ እንዲህ ከሆነ የኦስሎው ጀልባ ምንድን ነው? ከጣና የወጣ ደንገል ከ50 ዓመት በላይ ተጠብቆ ያለበት ነውና መናቅ አይገባውም።

መምህሩ፦ አይናቅም። ግን እሱ የተጠበቀ እንጂ የታደሰ አይደለም፤ ጥበቃ ማለት ባለበት እንዳይጠፋ ማድረግ ሲሆን፣ እድሳት ማለት ደግሞ ወደ ቀድሞ አቋሙ ወይም ወደ ሥራው እንዲመለስ ማድረግ ነው። ስለ እድሳት የሚበልጠው ምሳሌ በግብፅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 በታላቁ ፒራሚድ ሥር በድንጋይ በተከደነ ጉድጓድ ውስጥ፣ የፈርዖን ኩፉ የተባለ ከሊባኖስ ዝግባ የተሠራ ጀልባ ተፈታትቶ ተገኘ፤ ክፍሎቹ 1,224 ነበሩ። ሥራው የተሰጠው አሕመድ ዩሱፍ ለተባለው የእድሳት ባለሙያ ነው። እሱ ግን ስለ ጥንት ጀልባ አሠራር የሚያውቀው ጥቂት ስለ ነበረ፣ እንጨቶቹን ወደ መገጣጠም ከመቸኮል ይልቅ በዓባይ ዳር የሚሠሩትን የጊዜውን የጀልባ አናጺዎች እየዞረ ተማረ፣ ትንንሽ አምሳያዎችንም እየሠራ ሞከረ። መገጣጠሙ ከ10 ዓመት በላይ ወሰደ። በመጨረሻ 43 ሜትር የሚሆነው ጀልባ ቆመ፤ ሳንቃዎቹ በብረት ሚስማር የተመቱ ሳይሆኑ በሣር ገመድ የተሰፉ መሆናቸውም ታወቀ። ጫፎቹ የደንገል እስር አስመስለው የተቀረጹ ናቸው፤ የዝግባው መርከብ የደንገሉን ታንኳ መልክ ለብሶ ማለት ነው። ይህ ጀልባ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ አዲሱ ታላቁ የግብፅ ሙዚየም ተዛውሯል። ከ4,500 ዓመት በፊት የተሠራውን ነገር ለማቆም ያስቻለው በሕይወት ያለ የአናጺ ዕውቀት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

መርከበኛው፦ ይህ ክርክሩን ወደ አንተ ወገን ያዘነብለዋል። ሆኖም ዕውቀት ብቻውን አይበቃም፤ ቁሱም በጊዜው ካልተገኘ እጅ ምንም አይሠራም። ሄየርዳል ይህን የተረዳው ከሁለቱ ራዎች በኋላ ነው። በ1970 ዓ.ም. በኢራቅ፣ ጤግሮስና ኤፍራጥስ በሚገናኙበት በቁርና፣ ጤግሮስ የተባለውን ሦስተኛ ጀልባ ሲያሠራ፣ የረግረጉ ነዋሪዎች የሆኑ ዐረቦች ሸምበቆው የሚቆረጠው በነሐሴ ወር መሆን እንዳለበት፣ በሌላ ጊዜ የተቆረጠ ፈጥኖ ውሃ እንደሚጠጣ ነገሩት። ምክራቸውን ተቀበለ፤ ጀልባውም ከአምስት ወር የባሕር ጉዞ በኋላ ከፍ ብሎ ይንሳፈፍ ነበር። ራዎቹ በሁለት ወር ውስጥ ወደ ውሃ የጠለቁትን ያህል አልጠለቀም። ፍጻሜው ግን ያሳዝናል። በቀይ ባሕር ዙሪያ ጦርነት ስለ ነበረ መግቢያ አጥቶ ጅቡቲ ቆመ፤ ሄየርዳልና ባልደረቦቹም ጦርነቱን በመቃወም መጋቢት 25 ቀን 1970 ዓ.ም. በእሳት አቃጠሉት። ደኅና የነበረ ጀልባ በዚህ በአፍሪካ ቀንድ ሰዎች መከራ ምክንያት ነደደ።

መምህሩ፦ የመቁረጫው ወር ነገር ለመንዝ ሰው እንግዳ አይደለም። ጓሳ የሚባለው ሣር በመንዝ ደጋ ላይ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነው ስፍራ፣ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሣ ሲታጨድ ኖሯል። ሣሩን ያዳነው ቄሮ የተባለው ሥርዓት ነው፤ ቄሮ ማለትም የአስቦና የጌራ ዘሮች ነን የሚሉ ባለርስቶች በመረጧቸው አለቆች አማካይነት የጓሳውን ምድር ለተከታታይ ዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ በበቃበት ዓመትና ወቅት ብቻ በአዋጅ ከፍተው የሚያስጭዱበት ደንብ ነው። ቀድሞ ያጨደ ይቀጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስቱን ሲሽር ቄሮም አብሮ ፈረሰ፣ ሣሩም ያለ ወቅቱ ታጨደ፤ ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ሕዝብ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ ስላቋቋመ፣ ጓሳ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኗል። በመንዝ የታደሰው ደንቡ ነው፤ ደንቡ ሲታደስ ሣሩም፣ በሣሩ የሚሠራው ገመድም አብሮ ተመለሰ።

መርከበኛው፦ በጣና ዳርስ እንዲህ ያለ ደንብ አለ?

መምህሩ፦ የጣና ችግር ከዚህ ይጠነክራል። ውሃው ሲሸሽ የሚለቀቀው መሬት ለእርሻ ስለሚፈለግ የደንገሉ ስፍራ እየጠበበ መጥቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታየው እምቦጭ አረምም ዳርቻውን እየሸፈነ ደንገሉን ይሻማል። ሐይቁና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ቢመዘገብም፣ መዝገብ ብቻውን ሸምበቆ አያበቅልም። በሌላ በኩል የሞተር ጀልባውና የሳንቃው ጀልባ የታንኳውን ሥራ ወስደውበታል። ከሁሉም ይልቅ የሚከብደው ግን ባለሙያዎቹ ነገደ ወይጦ በዙሪያቸው ካለው ሕብረተሰብ ዘንድ ለረጅም ዘመን በንቀት መታየታቸው ነው። ሰው የናቀውን ሰው ዕውቀት አይማርም፤ የተናቀም ልጅ የአባቱን ሥራ ሊወርስ አይጓጓም። ይህ በደል ነው፤ ታንኳን እናድን የሚል ሰው ሁሉ ከዚህ ሊጀምር ይገባዋል።

መርከበኛው፦ በዚህ ላይ ክርክር የለም። የሚቀረው ልዩነት ስለ ሥራው ቅደም ተከተል ነው። የውድድር ትሪማራን አድሰው ወደ ውሃ የሚመልሱ ሰዎች ከሙዚየም ጠባቂዎች የሚበልጡበት ነገር አለ፤ ጀልባው ከተጠገነ በኋላ በውድድር ላይ እንዲወጣ ያደርጋሉ። ጀልባ በማዕበል ላይ ካልተፈተነ የጥገናው ስሕተት አይታወቅም። የራ የኋላ ገመድ ጥቅም በጊዛ በደረቅ መሬት ላይ አልታየም፣ የታየው በአትላንቲክ ላይ ነው። ስለዚህ በጣናም ታንኳ በአዳራሽ ተንጠልጥሎ ከሚታይ ይልቅ በየዓመቱ በሐይቁ ላይ የታንኳ ቀዘፋ ውድድር ቢደረግ፣ ሠሪው ዋጋ ያገኛል፣ ወጣቱ ይማራል፣ የትኛው እስር እንደሚጸናም በሁሉ ፊት ይታወቃል።

መምህሩ፦ ውድድሩ መልካም ነው፤ ግን ለውድድር የሚሠራ ነገር በፍጥነት ምክንያት ይለወጣል። ከላይ ስለ ትሪማራን የተባለው ይህንኑ ያሳያል። ፍጥነት የተፈለገበት ጀልባ ቀጭንና ጠባብ እየሆነ፣ ማገዶና እህል የሚጭነው ሰፊ ታንኳ አሠራር ሊረሳ ይችላል። ሽልማት የሚወስነው ሰው ሳያውቀው የአሠራሩን ታሪክ ይለውጣል።

መርከበኛው፦ እውነት ነው፤ ስለዚህ ውድድሩ ለፈጣኑ ብቻ ሳይሆን ሸክም ይዞ ለሚሻገረውም፣ ከጉዞ በኋላ ፈጥኖ ለሚደርቀውም ቢሆን ይሻላል። ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን ደንገሉ በየትኛው ወር እንደሚታጨድ፣ ስንት ቀን እንደሚደርቅ፣ የጫፉ እስር ውሃ እንዳይገባበት እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ኋላው እንዴት እንደሚነሣ መመዝገብ አለበት። የባሕር ሰው ያለ ማስታወሻ ከወደብ አይወጣም።

መምህሩ፦ ማስታወሻውን የሚይዘው ሰው ማን እንደ ሆነ ከአሁኑ ቢወሰን መልካም ነው። ከዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ተመራማሪ ብቻውን ቢመዘግብ የሚያየውን ይጽፋል፤ እጅ የሚያውቀውን ግን ዐይን ሁሉ አያየውም። ስለዚህ የነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች እንደ መረጃ ሰጪ ሳይሆን እንደ መምህር ተቀጥረው፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው፣ በባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ላይ የሁለት ዓመት ትምህርት ቢሰጡና ተማሪዎቹ እያንዳንዳቸው ከማጨድ እስከ መጣል ያለውን የአንድ ታንኳ ዕድሜ ሙሉ እንዲከታተሉ ቢደረግ፣ መዝገቡም ከሥራው ጋር አብሮ ያድጋል።

መርከበኛው፦ ታንኳ ሲጣልም መመዝገብ አለበት፤ የት ላይ አስቀድሞ እንደ ላላ፣ የትኛው ነዶ አስቀድሞ ውሃ እንደ ጠጣ የሚታወቀው የተጣለውን ፈትቶ በማየት ነው። ራ ሁለተኛ ከተሻለባቸው ምክንያቶች አንዱ ራ አንደኛ የት ላይ እንደ ተበጠሰ የሚያውቁ ሰዎች በላዩ መኖራቸው ነው። ከተባለው የሁለት ዓመት ትምህርት አንድ ሦስተኛው ጊዜ ለዚህ ይሰጥ።